ሐላሉን ጠየቅን፣ ጠይቡንስ? ለሕክምና ደቡብ ህንድ ለምትሄዱ



ከጁሙዓ ሶላት በኋላ «ወንድማችን ለሕክምና ወደ ህንድ ሊሄድ ነው፤ ዱዓ አድርጉለት፣ የቻላችሁም አግዙት» የሚለውን ጥሪ ሰምቶ የማያውቅ ከመካከላችሁ ብዙ አይገኝም። ገንዘቡ ይዋጣል፣ ቪዛው ይወጣል፣ የሐኪሙ ቀጠሮ ይያዛል። ዘመድ አዝማድ በሶውን፣ ጭኮውን፣ ድርቆሹን አዘጋጅቶ ሻንጣ ውስጥ ይጠቀጥቃል። ስንቁ ሲያልቅ ሕመምተኛው ምን እንደሚበላ ግን የሚያወራ የለም። እኔም በ2015 ዓ.ም. ጥር ወር አጎቴን ይዤ ቼናይ እስክወርድ ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር።

አጎቴ የአምቦ ሰው ናቸው። ከተማዋ ሀገረ ሕይወት በምትባልበት ዘመን ተወልደው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ ሲነግዱ የኖሩ፣ የስኳር በሽታ ከያዛቸው ብዙ ዓመት የሆናቸውና ኢንሱሊን የሚወጉ አባት ናቸው። የሄድነው ለልባቸው ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2022 አጋማሽ ወደ ቼናይ የመንገደኛ በረራ ጀምሮ ስለነበር በሙምባይ ወይም በዴልሂ መዞር አላስፈለገንም። መንገዱ ቀላል ነበር፤ የከበደን ምግቡ ነው።

የደረስነው ፖንጋል በሚባለው የመኸር በዓላቸው ሰሞን ነው። በየደጁ መሬቱ ላይ በሩዝ ዱቄት የተሣለ ጌጥ ይታያል። አጎቴ ጌጡን ሲያዩ «ይኼ ደግሞ የምን ጥንቆላ ነው?» ብለው በዳር በዳር ይሄዱ ጀመር። ከማረፊያችን አጠገብ ያለው ምግብ ቤት መግቢያ ላይ የአበባ ጉንጉን የተንጠለጠለበት የጣዖት ሥዕል አለ፤ ከሥሩ ዕጣን ይጨሳል። አጎቴ ከበሩ ተመለሱ። «ልጄ፣ እኔ እዚህ ውስጥ አልገባም። ሙዝና ሻይ ይበቃኛል።»

ሁለት ቀን ሙዝና ሻይ፣ ከስንቁም የተረፈችውን በሶ እየበሉ ዋሉ። ኢንሱሊናቸውን ግን አንድም ቀን አላስታጎሉም፤ ሐኪም ያዘዛቸውን መድኃኒት የሚያከብሩ ሰው ናቸው። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ግንባራቸው ላብ በላብ ሆነ፣ እጃቸው ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያም አምቦ ገበያ ውስጥ ያሉ ይመስል ከማላውቀው ሰው ጋር ስለ አቡጀዲ ዋጋ ይከራከሩ ጀመር። መለኪያውን ስናየው የደም ስኳራቸው 48 ነበር። ስኳር በውኃ በጥብጬ አጠጣኋቸው፤ በአላህ እርዳታ ከሩብ ሰዓት በኋላ ወደ ራሳቸው ተመለሱ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን የምነግራችሁ ለወሬ ማድመቂያ አይደለም። ከሀገር ወጥቶ «ሐራም እንዳልበላ» ብሎ የሚራብ ሕመምተኛ የእኔ አጎት ብቻ አይመስለኝም። የሚጠነቀቅ ሰው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ኢንሱሊን ወግቶ አለመብላት አደጋ ነው። የደም ስኳር ከ70 ሚሊ ግራም በታች ሲወርድ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ረሃብና የሐሳብ መዛባት ይመጣል። ሕመምተኛው መዋጥ የሚችል ከሆነ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ጭማቂ ይጠጣ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ፣ ካልተስተካከለም ይደገም፤ ከተስተካከለ በኋላ ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትስጡት፤ ሊያንቀው ይችላል። በጎኑ አስተኝታችሁ ወደ ሐኪም አድርሱት። አብሮት የሚጓዘው አስታማሚ ይህን አውሮፕላን ላይ ከመውጣቱ በፊት ሊያውቅ ይገባል።

<b>የጾም ምግብ ቤት</b>

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ወደ ሌላ ምግብ ቤት ወሰድኳቸው። በሩ ላይ ሥጋ እንደማይሠራበት በትልቁ ተጽፏል። እንደዚህ ያለ ምግብ ቤት በደቡብ ህንድ በየመንገዱ አለ። ከካርናታካ የኡዱፒ ከተማ የተነሡት አብሳዮች ያስፋፉት ወግ ነው፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል ወደ ማድቤቱ አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1981 እዚያው ቼናይ የተጀመረው ሰራቫና ባቫን የሚባለው ይኸው ዓይነት ምግብ ቤት ቅርንጫፉን ዱባይና ለንደን ድረስ አድርሷል። አረብ ሀገር ሠርተው የተመለሱ እህቶቻችን ስሙን ሳያውቁት አይቀሩም።

«ጋሼ፣ እዚህ ቤት የሚበላው እንደኛ ሀገር የጾም ምግብ ነው» አልኳቸው። ነገሩ ያን ጊዜ ገባቸው። ጊንጪ ወይም ጉደር ላይ መኪና ቆሞ የሙስሊም ሥጋ ቤት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ? የጾም በያይነቱ ታዛላችሁ። ክርስቲያን ጎረቤት ድግስ ሲጠራን ምን ቀርቦልን እንበላለን? ወይ በሙስሊም እጅ የታረደ፣ ወይ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን። አባቶቻችን ከጎረቤት ጋር ማዕድ ሳይለያዩ፣ ሃይማኖታቸውንም ሳያላሉ የኖሩት በዚህ ብልሃት ነው። ቼናይም ላይ ያው ብልሃት ይሠራል።

ሥዕሉስ? ዕጣኑስ? አጎቴን ያስጨነቃቸው ይህ ነበር። ሙስሊም ያልሆነ ሰው የሠራው ምግብ እርድ እስካልሆነና ነጃሳ ወይም አስካሪ ነገር እስካልገባበት ድረስ እንደሚበላ በዓሊሞች ዘንድ የታወቀ ነው። ለጣዖት ቀርቦ የሚታደለው ምግብ ሌላ ነገር ነው፤ ፕራሳዳም ይሉታል። በቤተ መቅደስና በበዓል ቀን ይሰጣል፤ አንዳንዴ የማረፊያ ቤት ባለቤት በደግነት ይዞላችሁ ይመጣል። በትሕትና «አመሰግናለሁ፣ ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም» ብትሉ የሚቀየም የለም፤ እዚያ ሀገር «ይህን አልበላም» የሚል ሰው ብርቅ አይደለም። ጥርጣሬ ያለበት ግን ከመሄዱ በፊት የመስጊዱን ዓሊም ይጠይቅ፤ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚፈለገው ስኳር 48 ከገባ በኋላ መሆን የለበትም።

ሌላም አንድ ነገር ልብ በሉ። በህንድ የታሸገ ምግብ ላይ በአረንጓዴ ካሬ ውስጥ አረንጓዴ ነጥብ ካያችሁ ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የለበትም ማለት ነው፤ ወተት ግን ሊኖርበት ይችላል። ምልክቱ ሥጋ አለመኖሩን ይናገራል እንጂ ስለ ሐላል የሚለው ነገር የለም። ከአልኮል አንጻር ጽሑፉን ማንበብ የእናንተ ፋንታ ነው።

ሥጋ የግድ ያማራችሁ እንደሆነ ቼናይ ውስጥ ትሪፕሊኬን የሚባለው ሰፈር አለ። የአርኮት ናዋብ እ.ኤ.አ. በ1795 ያሠሩት ትልቁ የዋላጃ መስጊድ እዚያ ነው፤ በዙሪያውም የሙስሊሞች ምግብ ቤቶች ሞልተዋል። ስለዚህ መስጊድ የሰማሁትን ሳልነግራችሁ አላልፍም። በረመዳን ለጾመኞች ኢፍጣር ከሚያቀርቡት መካከል ከሲንድ ተሰደው የመጡ ሂንዱዎች ያቋቋሙት ሱፊዳር የተባለ ማኅበር ይገኝበታል። ለአሥርተ ዓመታት ሳያቋርጡ አቅርበዋል፤ ፈቃደኞቹ እንደኛ ቆብ ደፍተው፣ ሥጋ የሌለበትን ምግብ ሠርተው በየረድፉ ያድላሉ። ለአጎቴ ይህን ስነግራቸው ጥቂት ዝም ብለው «ጎረቤታችንም በሁዳዴ እንዲሁ ያደርግ ነበር» አሉ።

<b>ዶሳና እንጀራ</b>

ዶሳው ሲመጣ አጎቴ ሳቁ። «ይኼማ እንጀራ ነው፤ ምጣድ ላይ ረስተውት ደርቆባቸው!» አሉ። አልተሳሳቱም። ሩዝ ሦስት ወይም አራት እጅ፣ ኡራድ የሚባለው ጥራጥሬ አንድ እጅ ለየብቻ ይዘፈዘፋል፣ ይፈጫል፣ ተቀላቅሎ ሌሊቱን ይቦካል። ኡራድ የማሾ የቅርብ ዘመድ ነው። ሊጡ ላይ ብዙዎች ጥቂት አብሽ ይጨምሩበታል። በምጣድ ላይ ሲሳሳ ዶሳ ይሆናል፤ በትንንሽ ጎድጓዳ ማብሰያ በእንፋሎት ሲበስል ኢድሊ ይባላል፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ከመዳፍ ያነሰ ነው። አብሮት የሚመጣው ሳምባር በጥራጥሬና በአትክልት የተሠራ ቀጭን ወጥ ሲሆን ኮምጣጣነቱ ከተምር ሂንዲ ነው። ምሥራቆቻችን ሮቃ የሚሉትና በጥብጠው የሚጠጡት ማለቴ ነው፤ ዐረቦቹ «የህንድ ተምር» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። እርድ፣ ከሙን፣ ሰናፍጭ፣ ድንብላል፣ ዝንጅብል ሁሉ አለበት። ከወጡ ውስጥ የሒልቲት ሽታ ሲመጣባቸው አጎቴ የእናታቸውን ቤት አስታወሱ።

ሌላም ትዝታ መጣባቸው። በአጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በየክፍለ ሀገሩ ት/ቤት ያስተምሩ የነበሩት ህንዶች ብዙዎቹ ከኬረላ የመጡ ነበሩ። አጎቴንም ሒሳብ ያስተማራቸው ህንዳዊ ነው። «ቲቸር ምሳውን በቆርቆሮ ሳህን ይዞ ይመጣል፤ እኛ በሽታው እንስቅበት ነበር» አሉና የኮኮናቱን ማባያ በጣታቸው ቀመሱት።

ከጤና አንጻር የዚህ ገበታ ትልቁ ትምህርት ማቡካቱና ማቀላቀሉ ነው። እህል ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ በላይሲን ሀብታም ሆኖ እህል ያለው ሌላው ክፍል ያንሰዋል። ሁለቱ አንድ ገበታ ላይ ሲገናኙ ይሟላሉ። ዶሳና ሳምባር፣ እንጀራና ሽሮ፣ እንጀራና ምስር የተሠሩት በአንድ ሒሳብ ነው። ማቡካት ደግሞ በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ያለውንና ብረት ወደ ሰውነታችን እንዳይገባ የሚይዘውን ፋይቴት የተባለ ነገር ይቀንሰዋል። ከምግቡ ጋር ሎሚ ወይም ቲማቲም ቢጨመር ብረቱ ይበልጥ ይገባል፤ ወዲያው ሻይ ወይም ቡና ከተጠጣበት ግን ይቀንሳል። ደማቸው ላነሰ እናቶች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቡና ካልሁ ዘንድ አንዲት ቃል ልጨምር። በደቡብ ህንድ ቡናው በወተት ሆኖ በሁለት የብረት ዕቃ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተንቆረቆረ አረፋ ይዞ ይቀርባል። ቡናን ወደዚያ ምድር ያደረሱት ባባ ቡዳን የተባሉ ሱፊ ናቸው፤ ከሐጅ ሲመለሱ ከየመን ሰባት ፍሬ ደብቀው አመጡ ይባላል። የየመኑ ቡና ደግሞ ከማን እንደሄደ እናንተ ታውቃላችሁ። የስኳር ሕመምተኛ ግን ይጠንቀቅ፤ ቡናው ሳይጠየቅ ስኳር ተጨምሮበት ሊመጣ ይችላል። በታሚልኛ «ቬንዳም» ማለት «አልፈልግም» ማለት ነው።

<b>312</b>

አጎቴ ልባቸው አረፈ። ልብ ሲያርፍ ሆድ ይከፈታል። «ሐላል ነው፣ የጾም ነው፣ ቅባት የለውም» ብለው ጠዋት ማሳላ ዶሳ፣ ቀን ላይ የሙዝ ቅጠል ሩዝ፣ ማታ ደግሞ ዶሳ ሆነ። ማሳላ ዶሳ ማለት ውስጡ ድንች የተሞላ ነው፤ ሩዝ በድንች! የሙዝ ቅጠሉስ? ቅጠሉ ይነጠፋል፣ ነጭ ሩዝ ይከመርበታል፣ በዙሪያው አትክልቱና ጥራጥሬው በቁንጥር በቁንጥር ይቀመጣል። አስተናጋጁ ባልዲውን ይዞ እየዞረ ሩዝ ይጨምራል፤ መጀመሪያ በሳምባር፣ ቀጥሎ ራሳም በሚባለው ቀጭን መረቅ፣ መጨረሻ በእርጎ ይበላል። እኛ ያላወቅነው፣ በቃኝ ለማለት ቅጠሉን ወደ ራስ ማጠፍ እንደሚያስፈልግ ነው። አጎቴ የቀረበ ምግብ መመለስ ነውር በሆነበት ቤት ያደጉ ሰው ናቸው፤ አስተናጋጁ ሲጨምር እሳቸው ይበላሉ፣ እሳቸው ሲበሉ አስተናጋጁ አልጠገቡም ብሎ ይጨምራል። ሁለቱ በትሕትና ሲሸናነፉ ቆዩ።

በአራተኛው ቀን ሆስፒታል ስንደርስ ስኳራቸው 312 ሆኖ ተገኘ። ለልባቸው ተይዞ የነበረው ቀጠሮ እስኪስተካከል ድረስ ለአንድ ሳምንት ተላለፈ። የአንድ ሳምንት ማረፊያና ምግብ ሲጨመር፣ ያ በመስጊድ የተዋጣው ገንዘብ ምን ያህል እንደሚነካ አስቡት።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። እኛ ስለ ምግብ ስንጠይቅ አንድ ጥያቄ ብቻ እንጠይቃለን፤ ሐላል ነው ወይ? ቁርኣን ግን «ሐላል»ን «ጠይብ» ከሚለው ቃል ጋር አጣምሮ ይጠራል። ጠይብ የሆነው መልካሙ፣ ለሰውነት የሚስማማው ነው። ለጤነኛው ጠይብ የሆነ ሩዝ ለስኳር ሕመምተኛው በዚያ ልክ ጠይብ ላይሆን ይችላል። ሥጋ የሌለበት ምግብ ሁሉ ለጤና ተስማሚ ነው ማለትም የዋህነት ነው። ህንድ ራሷ ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመው ሀገር አቀፍ ጥናት መሠረት በህንድ 101 ሚሊዮን ሰው የስኳር በሽታ እንዳለበት ተገምቷል፤ ከአዋቂዎቹ 11.4 ከመቶ ማለት ነው። በደቡቧ ኬረላ ቁጥሩ ከአራት ሰው አንድ ያህል ነው። መንስኤው ብዙ ነው፤ ዘር አለ፣ አለመንቀሳቀስ አለ፣ ውፍረት አለ። የተፈተገ ነጭ ሩዝ በየገበታው መከመሩ ግን አንዱ መሆኑን ሐኪሞቻቸው ራሳቸው ይናገራሉ።

<b>የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ገበታ</b>

የሆስፒታሉ የሥነ ምግብ ባለሙያ ወጣት የታሚል ሴት ነበረች። አጎቴን አልተቆጣቻቸውም፤ ወረቀት አውጥታ ክብ ሣለችና ለሦስት ከፈለችው። ግማሹ አትክልት፣ ሩቡ ጥራጥሬ፣ ሩቡ ብቻ ሩዝ ወይም ዶሳ። «የምግብ ቤቱን ገበታ ገልብጡት» አለች። ሳምባሩ ማባያ መሆኑ ቀርቶ ዋናው ምግብ ይሁን፤ ሁለት ኢድሊ በሁለት ሳህን ሳምባር። አትክልቱና ጥራጥሬው አስቀድሞ ይበላ፣ ሩዙ ይከተል፤ በዚህ ቅደም ተከተል ሲበላ ስኳር ቀስ ብሎ ይወጣል። ከምግብ በኋላም ሩብ ሰዓት በእግር መሄድ። አጎቴ ይህን ሲሰሙ «ሆዳችንን ሦስት ቦታ ክፈሉት፣ ሲሶውን ለምግብ፣ ሲሶውን ለውኃ፣ ሲሶውን ለትንፋሽ የሚለውን የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ.) ምክር ልጅ እያለን ተምረነዋል፤ ይህች ልጅ ደግሞ ሳህኑን ሦስት ቦታ ከፈለችው» ብለው ተደነቁ።

ስለ ልባቸውም ነገረቻቸው። ቫዳ የሚባለው በዘይት የተጠበሰው የጥራጥሬ ቂጣ፣ ፑሪው፣ ዶሳው ላይ የሚፈሰው ቅቤ፣ የኮኮናቱ ማባያ ለልብ ሕመምተኛ በልክ መሆን አለባቸው፤ የኮኮናት ቅባት ከአትክልት ቢመጣም ጠባዩ ወደ ቅቤ ይቀርባል። ጨው ደግሞ በአቻሩና በፓፓዱ ውስጥ ተደብቋል። ለኩላሊት የሄዳችሁ ከሆነ በየመንገዱ የሚሸጠውን የኮኮናት ውኃ ሳትጠይቁ አትጠጡ፤ ለጤነኛ መልካም ቢሆንም ፖታሲየሙ ብዙ ነው፣ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደግሞ ፖታሲየምን ማስወጣት ይቸግረዋል፣ በልብ ላይም አደጋ ያመጣል። ሙዙም እንዲሁ። ጥራጥሬውንም ቢሆን የኩላሊት ሕመምተኛ መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይወስን።

እኔን ያስገረመኝ የመጨረሻው ምክሯ ነው። «ራጊ ዶሳ ጠይቁ» አለችን። ጥቁር ቡናማ ሆኖ መጣ። ራጊ ምን እንደሆነ ጠይቀን ዘሩን ስታሳየን አጎቴ ወዲያው አወቁት፤ ዳጉሳ! ያ ዳጉሳ ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋ፣ ከእኛው ሀገርና ከዑጋንዳ አካባቢ ተነሥቶ ከሺህ ዓመታት በፊት ህንድ የገባ እህል ነው። በካርናታካ እንደ ገንፎ አገንፍተው ይበሉታል። ቃጫው ብዙ፣ ካልሲየሙም ከእህሎች ሁሉ የላቀ ነው። የተባበሩት መንግሥታት በህንድ ጥያቄ መነሻነት እ.ኤ.አ. 2023ን የዳጉሳና የማሽላ ዓይነት እህሎች ዓመት ብሎ አስቀድሞ ሰይሞት ነበር፤ ዓመቱ ሲጀምር እኛ ያን ሰሞን እዚያው ነበርን። «በእኛ ወገን ዳጉሳ የሚጠራው ከአረቄ ጋር ነው» አሉ አጎቴ በቁጭት። «ዘሩ ምን አጠፋ? ያጠፋነው እኛ ነን።»

አረብ ሀገር ላላችሁ እህቶችና ወንድሞችም አንድ ቃል አለኝ። እዚያ ሐላሉ አያሳስባችሁም። የኬረላ ሰዎች ካፍቴሪያ በዱባይም በሻርጃም ርካሽ ስለሆነ የሠራተኛው ገበታ ሆኗል። ነገር ግን ከነጭ ዱቄትና ከብዙ ዘይት የሚሠራው ፓሮታ ከጣፋጭ የወተት ሻይ ጋር የየዕለት ቁርስና እራት ሲሆን፣ ከዓመታት በኋላ ገንዘብ ይዞ የሚመለሰው ሰው ስኳርና ደም ብዛትም ይዞ ሊመለስ ይችላል። በዚያው ዋጋ የጥራጥሬ ወጥና እርጎ አለ።

<b>ስንመለስ</b>

አልሐምዱሊላህ፣ የአጎቴ ሕክምና በሰላም ተጠናቆ አምቦ ገቡ። የደስታ ግብዣ ተደገሰ፤ በግ ታረደ፣ ቅቤ ፈሰሰ። ሽሮ የሚባል በዚያ ድግስ ላይ አልነበረም። ለምን? ለእንግዳ ሽሮ ማቅረብ ንቀት ነዋ! እኔ ቅር የሚለኝ እዚህ ላይ ነው። ጥራጥሬን ወይ የድሃ፣ ወይ የጎረቤት ጾም አድርገን ከክብር ገበታችን አውርደነዋል። ኒካሕ ሥጋ፣ ዓቂቃ ሥጋ፣ ከሐጅ መመለስ ሥጋ። ሥጋ ሐላል ነው፣ በልኩም ጥሩ ነው፣ የዒድ እርድም ትልቅ ዒባዳ ነው። የልብ ሕመምተኛን «እንኳን ደህና መጡ» ለማለት ግን ጥብሱ ብቻ ምን አስፈለገ? ቢያንስ ከጎኑ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ሰላጣው በእኩል ክብር ይቀመጥ፤ የታመመው ሰው ሳያፍር ይምረጥ።

ሌላው፣ ጤፍ ከተወደደ ወዲህ እንጀራችን ውስጥ ሩዝ እየገባ ነው። የኑሮ ነገር ስለሆነ የምወቅሰው የለም። በቤታችሁ የስኳር ሕመምተኛ ካለ ግን እንጀራው በነጣ ቁጥር ወደ ኢድሊው እየተጠጋ መሆኑን ዕወቁ። መቀላቀሉ ግድ ከሆነ ዳጉሳም ማሽላም አለ፤ ባኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል እኮ የዳጉሳ ዝርያ አሻሽሎ ያወጣ ማዕከል ነው። እንጀራው አንድ ሆኖ ሽሮውና ምስሩ ይብዛ።

አክስቴ አንድ ቀን ኢድሊ ልትሠራ ሞክራ ነበር። ኡራድ ስለማይገኝ ማሾ ተጠቀመች። አልነፋ ብሎ እንደ ድንጋይ ደረቀ፤ ልጆቹ እስከ ዛሬ ይስቁባታል። ከዚያ ወዲህ ማሾውን በሽንኩርትና በእርድ ወጥ ትሠራዋለች፤ እሱ ይበላል።

አጎቴ ከህንድ ሁለት ነገር ይዘው መጥተዋል። እንግዳ ሆነው በሄዱበት ቤት «ወላሂ ይቺን ብቻ!» እየተባለ ሲጨመርባቸው፣ የእንጀራቸውን ጠርዝ ቀስ አድርገው ወደ ራሳቸው ያጥፋሉ፤ ከዚያም «ፖዱም» ይላሉ። በታሚልኛ «ይበቃል» ማለት ነው። መጀመሪያ ሰዉ ግራ ይጋባ ነበር። አሁን በሰፈሩ ያሉ ሕፃናት ሳይቀሩ ያውቁታል።